በፍርድ የሄደች በቅሎ፤ አስቸጋሪ ጌሞች ለምን ይወደዳሉ?

አንድ ጤነኛ ወጣት ማንም ሳያስገድደው በአንድ ምሽት ሃያና ሰላሳ ጊዜ ለመሸነፍ ኮምፒዩተር ፊት ለምን ይቀመጣል? በየዙሩ የሰበሰበውን ሁሉ እያጣ፣ በየዙሩ ከዜሮ እየጀመረ፣ በማግስቱስ ወደዚያው ለምን ይመለሳል? ጥያቄው የልጆች ነገር ይመስላል፡፡ ይሁንና ውድ አንባቢያን፣ የጌም ነገር በየቤቱ ወላጅን ከልጅ፣ በየትምህርት ቤቱ መምህርን ከተማሪ ሲያነታርክ እንሰማለን፡፡ “ጌም” የሚለው አንድ ቃል ብዙ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ተሸክሞ ስለሚዞር ሙግቱ ብዙ ጊዜ መቋጫ አያገኝም፡፡ እኔም የሕግ ተማሪ ነበርኩና ከትርጓሜ ልጀምር፡፡

ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ዛሬ የማነሳቸው ጌሞች ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ከጎን እያየ የሚያስሮጥባቸው፣ የሚያዘልልባቸውና የሚያስተኩስባቸው ናቸው፡፡ እስከዚህ ድረስ ከድሮዎቹ አይለዩም፡፡ የሚለዩዋቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፡፡

አንደኛ፣ ተጫዋቹ ያለው አንድ ነፍስ ብቻ ነው፡፡ ከሞተ የሰበሰበው መሣሪያም፣ ያለፈው ደረጃም አብሮት ይቀበራል፤ ጨዋታው ከመጀመሪያው ይጀመራል፡፡ ሁለተኛ፣ እንደገና ሲጀመር ዓለሙ የትናንቱ አይደለም፡፡ ኮምፒዩተሩ ገደሉን፣ መሰላሉን፣ ጠላቱንና ሽልማቱን በአዲስ መልክ ያደላድለዋል፡፡ ስለዚህ መንገዱን መሸምደድ አይቻልም፤ የሚቻለው መንገድ ማንበብን መማር ነው፡፡ ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ የትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ የአንድ፣ የሁለት ወይም የጥቂት ሰዎች ሥራ ናቸው፡፡ እንዲህ ያሉትን ባለሙያዎቹ “ኢንዲ” ይሏቸዋል፤ ራሱን ችሎ የተሠራ ለማለት ነው፡፡

የዘርፉ ስም “ሮግላይክ” ሲሆን ትርጉሙም “ሮግን የሚመስል” ነው፡፡ ሮግ እ.ኤ.አ. በ1980 ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ የሠሩት፣ ኋላም ኬን አርኖልድ የተጨመረበት ጌም ነው፡፡ ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፡፡ ጀግናው በኢሜይል አድራሻ መሐል የምናያት ምልክት ነበረች፤ ጭራቆቹ ደግሞ ሃያ ስድስቱ የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ነበሩ፡፡ ጌሙ ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር በየዩኒቨርሲቲው ስለተሰራጨ ብዙ ተማሪዎች ሌሊቱን በዚያች ምልክት ሞት ሲያዝኑ አደሩ፡፡

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የዘርፉ ወዳጆች ጥቂት ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 ዴሪክ ዩ የተባለ አሜሪካዊ “ስፔለንኪ” የተሰኘውን ጌም በነጻ ሲለቅ የሮግን ሕግ ከሩጫና ከዝላይ ጌም ጋር አጋባው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “ሪስክ ኦፍ ሬይን”ን ሠርተው ተኩሱን ጨመሩበት፡፡ በዚህኛው ጌም አስቸጋሪነቱ ከሰዓት ጋር እየጨመረ ይሄዳል፤ ተጫዋቹ መሣሪያ ለመሰብሰብ ከዘገየ ጠላቱ ይጠነክርበታል፣ ከቸኮለ ደግሞ ባዶ እጁን ይደርሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ “ዴድ ሴልስ” ወጣ፡፡ የሠራው የፈረንሳዩ ሞሽን ትዊን ሠራተኞቹ እኩል ደመወዝ የሚከፈላቸው የኅብረት ሥራ ድርጅት ነው፡፡ ጌሙም እ.ኤ.አ. እስከ 2023 ድረስ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፡፡ ያ የጥቂቶች ዓመል የብዙዎች ሆነ ማለት ነው፡፡

የእኛ ሀገር ዝምድና

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፡፡ “ቲቪ ጌም” የምንለው፣ ካሴት እየተሰካበት ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘው መጫወቻ ወደየቤቱና ወደየሰፈሩ በገባበት ዘመን ያደገ ሰው “ኮንትራ”ን አይረሳትም፡፡ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣት ይህች ጌም ሦስት ነፍስ ትሰጣለች፤ አንዲት ጥይት ከነካች አንዷ ነፍስ ሄደች ማለት ነው፡፡ ሠላሳ ነፍስ የምታስገኘውን የቁልፎች ቅደም ተከተል የሚያውቅ ልጅም በሰፈር የተከበረ ነበር፡፡

ኮንትራ ሮግላይክ አይደለችም፤ ጠላቶቿ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ስለሚወጡ በቃል ትያዛለች፡፡ ነገር ግን አንድ ነገር የዛሬዎቹን እንድትመስል ያደርጋት ነበር፤ እሱም መብራት ነው፡፡ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተደርሶ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ሲመጣም ከአንድ ይጀመራል፡፡ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች አስበው የሠሩትን ሕግ እኛ ሳናስበው ኖርንበት ማለት ይቻላል፡፡

ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ “ቅኔ ጌምስ” የተባለው ድርጅት “ኩኩሉ” የተሰኘች የስልክ ጌም ሠርቷል፡፡ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ መሰናክሉን እየዘለለች ትሮጣለች፣ ከተያዘች እንደገና ይጀመራል፡፡ ተኩስ ባይኖርባትም መሸነፍና መመለስ የሚለው ዜማ ያው ነው፡፡

በመካነ ሰላም

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎቹ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ናቸው፡፡ ስሙን የወሰደበት አምባ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የወደቁበት ነው፡፡ ለቤተሰብ ጉዳይ በመካነ ሰላም ጥቂት ቀናት በቆየሁበት ጊዜ የዘመድ ልጅ የሆነ ተማሪ ያረጀ ላፕቶፑን ከፍቶ ሪስክ ኦፍ ሬይንን ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፡፡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሲሞት ቆጠርኩ፡፡

“እስካሁን ስንት ጊዜ ሞተህ ይሆን?” አልኩት፡፡

“መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ ጋሼ፡፡”

“ታዲያ አያናድድህም?”

“ያናድዳል እንጂ! ግን ማን እንደገደለኝ አውቃለሁ፡፡ አብሽር፣ በሚቀጥለው አልፈዋለሁ፡፡”

አላለፈውም፡፡ ስምንተኛውን ጀመረ፡፡

ጌሙ እንዴት እጁ እንደገባ ስጠይቀው በፍላሽ ከጓደኛው እንደቀዳው ነገረኝ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ኢንተርኔት የሚፈልጉት ትልልቅ ጌሞች በአንድ ጊዜ ተዘጉ፡፡ እነዚህ ትንንሾቹ ግን ኔትወርክ አይጠይቁም፣ ከባድ ማሽን አይጠይቁም፣ በፍላሽ ይተላለፋሉ፡፡ እዚህ ላይ የሕግ ሰው ዝም ሊል አይገባውም፡፡ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ አለው፡፡ እውነት ነው፣ ከሀገራችን ሆኖ በዶላር ካርድ ከፍሎ መግዛት ለአንድ ተማሪ ቀላል አይደለም፡፡ ሆኖም የሁለት ተማሪዎችን ድካም በነጻ መውሰድ፣ ነገ የእኛው ተማሪዎች ሠርተው ሲሸጡ በራሳቸው ላይ የሚደርስ መሆኑን መዘንጋት የለብንም፡፡

ፍትሐዊ ሞት

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፡፡ የዚያ ልጅ መልስ “ማን እንደገደለኝ አውቃለሁ” የሚል ነበር፡፡ በእኔ እምነት የእነዚህ ጌሞች ምሥጢር በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፡፡

አባቶቻችን “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” ይላሉ፡፡ ሰው በሕግ ተሟግቶ በቅሎውን ቢያጣ ይችለዋል፤ ያለ ሕግ የተነጠቃት ጭብጦ ግን ታንገበግበዋለች፡፡ የሰው ልጅ የሚጠላው ማጣትን ብቻ አይደለም፤ ከማጣት አብልጦ የሚጠላው ያለ ምክንያት ማጣትን ነው፡፡ ጥሩ አስቸጋሪ ጌም በቅሎህን በፍርድ ይወስዳል፡፡

እንዴት? በምሳሌ ላሳይ፡፡ በስፔለንኪ ዋሻ ውስጥ በግድግዳው ላይ የተቀበረ ቀስት ወርዋሪ ወጥመድ አለ፡፡ ፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለፈ ይወረውራል፡፡ ወጥመዱ ግን ተደብቆ አይጠብቅም፤ ላስተዋለ ሰው ይታያል፡፡ ደግሞም ተጫዋቹን ብቻ ለይቶ አያጠቃም፤ ጭራቅ ቢያልፍም ጭራቁን ይወጋል፡፡ ይህን የተረዳ ተጫዋች መጀመሪያ ድንጋይ ይወረውራል፣ ቀስቱ በድንጋዩ ላይ ይባክናል፣ እሱም በሰላም ያልፋል፡፡ እንዲሁም በዋሻው ውስጥ ባለሱቅ አለ፡፡ ዕቃ ከሰረቁት ጠመንጃውን ያነሳል፤ በዚያ ዙር የሚገኙት ሌሎቹ ባለሱቆችም ወንጀሉን ያውቃሉ፡፡ መስረቅ አይከለከልም፤ ቅጣቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፡፡

የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 2 ላይ የሕጋዊነትን መርሕ አስቀምጧል፤ ሕግ አስቀድሞ ወንጀል ነው ላላለው ድርጊት ማንም አይቀጣም፡፡ ሕጉ አስቀድሞ ይታወቅ፣ በሁሉም ላይ እኩል ይፈጸም፣ ቅጣቱም ከጥፋቱ ይምጣ የሚሉት የፍትሕ መሠረቶች በዚያ ዋሻ ውስጥ ይሠራሉ፡፡ ሕጉ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን አያዳላም፡፡

ዕድልስ? ዓለሙ በየጊዜው ስለሚቀያየር ዕድል በእርግጥ አለ፡፡ አንዱ ዙር ጥሩ መሣሪያ ይሰጣል፣ ሌላው ይነፍጋል፡፡ ይሁንና ዕድል የሚወስነው ተጫዋቹ የሚነሳበትን እንጂ የሚደርስበትን አይደለም፡፡ ከዚህ አንጻር ገበጣ የበለጠ ጥብቅ ናት፤ ዳይ የለባት፣ የተደበቀ ነገር የለባት፡፡ በሁለት ረድፍ 12 ወይም በሦስት ረድፍ 18 ጉድጓድ መሬት ላይ ተቆፍሮ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይታያል፡፡ የተሸነፈ ሰው “ድገመኝ” የሚለው ለዚህ ነው፤ የሳተባትን ጉድጓድ ያውቃታል፡፡ ሮግላይክም የሚያስለው ያንኑ “ድገመኝ” ነው፡፡

ይህን ነገር ያጠኑ ምሁራን አሉ፡፡ ካናዳ ያስተማረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ ማለት ሳያስፈልግ የተቀመጠን መሰናክል በፈቃድ ለማለፍ መሞከር ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል፡፡ የዴንማርኩ የጌም ተመራማሪ ጄስፐር ዩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ሽንፈትን የምንሸሽ ሰዎች ሽንፈት የሚበዛበትን ጨዋታ ለምን እንደምንፈልግ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል፡፡ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽንፈቱ የሚፈለገው የሚያስተምር ሲሆን ነው፡፡ ተጫዋቹ ሲሞት መሣሪያውን ያጣል፣ ደረጃውን ያጣል፤ ያወቀው ነገር ግን አብሮት ይመለሳል፡፡

ከጌም ውጭ ያለው ሽንፈት

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፡፡ የዚህ ዘመን ወጣት ከጌሙ ውጭ የሚያገኘው ሽንፈት ምን ዓይነት ነው?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ፡፡ ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ ተገቢ ምክንያት ነበረው፡፡ ነገር ግን ለወደቀው ልጅ የሚደርሰው በየትምህርቱ የተጻፈ ቁጥር ነው፡፡ የትኛውን ጥያቄ ሳተ? ምን ቢያውቅ ያልፍ ነበር? ቁጥሩ አይናገርም፡፡ ብዙዎቹም ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ መጽሐፍ ባልተሟላበት ትምህርት ቤት ተምረው ነው ከሌላው እኩል የተቀመጡት፡፡ በክልላችን ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ሳይጫወቱ የተሸነፉ ናቸው፡፡ ይህ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦ ነው፡፡

ሬሚዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት መምጣቱ መልካም ነው፤ ቢያንስ ሁለተኛ ነፍስ ሰጥቷል፡፡ ነገር ግን እውነተኛው ጉድለት የሚሞላው ተማሪው የወደቀበትን ምክንያት ሲያውቅ ነው፡፡ መካነ ሰላም ያለው ልጅ ስምንተኛውን ዙር የጀመረው ሰባተኛው ለምን እንደጠፋ ስላወቀ ነው፡፡ መምህር ፈተናውን አርሞ ሲመልስ “ይኼን ሳትክ፣ በዚህ ምክንያት” ቢል ያው ትዕግሥት በደብተር ላይም አይገኝም ትላላችሁ?

የወጣቱን ሽንፈት ሌሎችም ተሻምተውበታል፡፡ የስፖርት ውርርድን ማለቴ ነው፡፡ ከሩቅ ሲታይ የጌሙ ወንድም ይመስላል፤ በሁለቱም ወጣቱ ይሸነፋል፣ በሁለቱም ይመለሳል፡፡ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው፡፡ ጌሙን መቶ ጊዜ የተሸነፈ ልጅ በመቶ አንደኛው የተሻለ ተጫዋች ነው፡፡ መቶ ጊዜ ተወራርዶ የተበላ ልጅ በመቶ አንደኛው ያው ሰው ነው፤ ኪሱ ብቻ ቀሏል፡፡ እንግሊዝ ሀገር ያለ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ቢስት ቦረና ወረዳ ያለው ወጣት ምን ሊማርበት ይችላል?

ጉዳት የለውም ወይ?

አለው፤ አለመናገርም ቅንነት አይሆንም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግርን አካቷል፡፡ መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፡፡ ሁኔታው በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል መታየት እንዳለበትም ይገልጻል፡፡ ስለዚህ የሁለት ሳምንት ፍቅር በሽታ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ከክፍል የቀረ ልጅ ግን እርዳታ ያስፈልገዋል፡፡ “አንድ ዙር ብቻ” የሚለው የሮግላይክ ፈተናም የታወቀ ነው፤ ዙሩ አጭር ስለሆነ ማቆሚያው አይታወቅም፡፡

በጌም ስም የሚነግድ ቁማርም አለ፡፡ በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ሣጥን በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ጌሞች ሞልተዋል፡፡ የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብሎ ወስኗል፡፡ ራሱ የሮግላይክ ዘርፍም ንጹሕ አይደለም፡፡ ጠላቱ ከማይታይበት የሚተኩስ፣ ሕጉን የሚደብቅና በዕድል ብቻ የሚገድል ጌም ብዙ አለ፡፡ ያ አስቸጋሪ ሳይሆን በደለኛ ነው፡፡ ተጫዋቾችም ልዩነቱን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም፤ ትተውት ይሄዳሉ፡፡

ለወላጅ፣ ለመምህርና ለአስተዳዳሪ

“ጌም ቤት ይዘጋ” የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፡፡ ከመዝጋት በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢጠየቁ እላለሁ፡፡ አንደኛ፣ ልጁ ሲሸነፍ የሚያጣው ምንድን ነው? የጌም ነጥብ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ ገንዘብ ከሆነ ግን ስሙ ጌም ቢሆንም ሌላ ነገር ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ለምን እንደተሸነፈ መናገር ይችላል? ልጁን ጠይቁት፡፡ ዘርዝሮ ካስረዳ አእምሮው እየሠራ ነው፤ “ዕድሌ ነው” ብቻ ካለ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እዩ፡፡ ሦስተኛ፣ ማቆም ይችላል? የትምህርት ሰዓት ሲደርስ የሚነሳ ልጅና የማይነሳ ልጅ አንድ ዓይነት ሕግ አያስፈልጋቸውም፡፡

አስተዳደሩም ቢሆን የትምህርት ሰዓትንና የዕድሜን ገደብ በግልጽ ጽፎ በር ላይ ቢያስለጥፍ፣ ውርርዱን ከጌሙ ቢለይ፣ የጣሰውንም በተጻፈው መሠረት ቢቀጣ ያምርበታል፡፡ ዛሬ ዝም ብሎ ነገ በዘመቻ መዝጋት፣ ሕጉን ሳይናገሩ እንደሚገድሉት በደለኛ ጌሞች መሆን ነው፡፡

በመጨረሻም አንድ ነገር፡፡ ሮግን የሠሩት ተማሪዎች ነበሩ፡፡ ሪስክ ኦፍ ሬይንንም የሠሩት ተማሪዎች ናቸው፡፡ በመካነ ሰላምም ሆነ በቱሉ አውሊያ ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የሚጎድለው ነገር ብዙ ቢሆንም፣ ተሸንፎ የመመለስ ወኔ እንደማይጎድለው በዓይኔ አይቻለሁ፡፡ በፍርድ በቅሎውን አስረክቦ “ድገመኝ” የሚልን ልጅ፣ እኛ ትልልቆቹ ቢያንስ ጭብጦውን ያለፍርድ አንንጠቀው፡፡

ቸር እንሰንብት!